የአሰላ ውኃ በስንት ይፈላል

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ አሰላ

ዛሬም እንቁላሉ አልበሰለም። ድሬዳዋ እናቴ ቤት እንቁላል ጥጄ ፀጉሬን አበጥሬ እስክጨርስ ይጠነክርልኝ ነበር። እዚህ ፀጉሬን አበጥሬ፣ ጫማዬን ወልውዬ፣ በሹራብ ላይ ሹራብ ደርቤ ስመለስ ነጩ ገና ይዝለገለጋል። ቅርፊቱን ስሰብረው እጄ ላይ ፈሰሰና የተተኮሰ ቀሚሴን አበላሸው። በንዴት አከራዬን እትዬ ፋናዬን "እንጨት ይቆጥቡብኛል" አልኳቸው። ሴትዮዋ አልተቆጡም። አሰላ ብርድ ስለሆነች ነው፣ ባቄላውም ምስሩም እዚህ እሺ ብሎ አይበስልም አሉኝ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ በጥሬ ንፍሮ ከአከራዩ ጋር ይጣላል፣ ከዚያ ይለምዳል ይባላል። እኔ አልለምድም። እሳት እሳት ነው፤ ውኃም ከፈላ ፈላ ነው። የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፣ ይህችን እንኳ አላጣትም።

አርብ፣ ኅዳር 8

ዳይሬክተራችን አቶ ወልደጻድቅ ሰበሰቡን። ከጥምቀት በኋላ ከአዲስ አበባ ኢንስፔክተር ይመጣል። ዘጠነኛ ክፍል ዘንድሮ የተከፈተው ለሙከራ ነው፤ ሳይንሱ ካልተወደደ ይዘጋል፣ ልጆቹም ናዝሬት ሄደው ይማሩ ይባላል። ሳይንሱ ማለት እኔ ነኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

ወንዶቹ ናዝሬት ቤት ተከራይተው ይማሩ ይሆናል። ሦስቱ ሴቶች ግን አይሄዱም፤ ይህን ለማወቅ ጠንቋይ መጠየቅ አያሻም። ከሁሉ የምትበልጥብኝ ተማሪዬ ዙቤዳ ናት። አባቷ አቶ ሀሰኖ ጨውና አቡጀዲ ይነግዳሉ። ዛሬ በር ላይ አገኙኝና ልጃቸው ምን እንደምትማር ጠየቁኝ። ስለ በረዶ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ እንፋሎት ነው አልኳቸው። ሳቁ።

"ውኃ ማፍላትማ እናቷ ቤት ትማራለች" አሉ።

ከዚያ በትሕትና፣ ክፍሉ ከተዘጋ ባል እንደተገኘላት ነገሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ ተናግሬ ይወጣልኝ ነበር።

የጂኦግራፊው አስተማሪ አቶ ግዛቸው ከስብሰባው ስንወጣ "አይዞሽ" አለኝ። አይዞሽ ባይ አላሻኝም። ካርታውን ተሸክሞ በየቀኑ በእኔ መስኮት ሥር ለምን እንደሚያልፍም አይገባኝም። የእሱ ክፍል በወዲያኛው በኩል ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 13

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ማስረዳቱ በአማርኛ፣ መጠያየቁ በኦሮምኛ ነው። "ጠጣር የራሱ ቅርጽ አለው፣ ፈሳሽ የዕቃውን ቅርጽ ይይዛል" እያሉ ልጆቹ እንደ ዳዊት ይወርዱታል። "ለምን?" ስላቸው ግን ጸጥ።

ስለዚህ ዛሬ ከእትዬ ፋናዬ አረቄ ቀድቼ ሄድኩ። በድንጋይ ሰሌዳ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ፣ አንድ ጠብታ አረቄ አደረግሁ። አረቄው ዓይናችን እያየ ጠፋ፣ ውኃው ቆየ። ዙቤዳ አረቄው እንዳይነካት ወንበሯን ሸሸት አድርጋለች፤ ዓይኗን ግን ከሰሌዳው አልነቀለችም። ሁለቱም ፈሳሽ ከሆኑ አንዱን ምን ይዞ አስቀረው ብላ ጠየቀችኝ። ተመስገን ነው! ስመኘው የነበረው ይህን ጥያቄ ነው።

ሜዳ አወጣኋቸው። እያንዳንዳችሁ አንድ ሞለኪውል ናችሁ አልኳቸው። ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው ባሉበት ሲንቀጠቀጡ ጠጣር ናቸው። እጅ ለእጅ ብቻ ተያይዘው፣ አንዱን ለቀው ሌላውን እየያዙ ሲተራመሱ ፈሳሽ ናቸው። ሩጫው በርትቶ እጅ ከእጅ ሲላቀቅ እንፋሎት ሆነዋል። ሙቀት ማለት ሩጫው ነው፤ ሞለኪውሎቹ የሚሳሳቡበት ኃይል ደግሞ እጁ ነው። አረቄ በጣት ጫፍ ይያያዛል፣ ውኃ በሙሉ መዳፍ። የጨው ቅንጣቶች ተቃቅፈው ነው የሚኖሩት፤ የምድጃ እሳት አይፈታቸውም። ከጭላሎ ተዳፋት የሚመጣው ዲሪባ እንፋሎት ሁን ብለው እስከ አጥሩ ድረስ ሮጠ፤ አልመለስም አለኝ።

አቶ ወልደጻድቅ ከቢሮ ብቅ ብለው ትምህርት ቤት ነው ወይስ የገና ሜዳ ብለው ጠየቁኝ፣ ያውም ልጆቹ ፊት። ኢንስፔክተሩ የሚጠይቀው ከመጽሐፉ ስለሆነ መልሱን አሸምድጃቸው አሉኝ። እሺ ጌታዬ አልኩ። አፌ ነው እሺ ያለው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 20

ሣጥኑ ከአዲስ አበባ ደረሰ። ሦስት የብርጭቆ ዕቃ፣ አንዱ ተሰብሯል። አንድ ቴርሞሜትር፣ ሳይሰበር! አቅፌው ገባሁ። አቶ ግዛቸው "ክርስትናው መቼ ነው?" አለኝ። ፊቴን አዙሬ አለፍኩ። ቤት ስገባ ሳቅሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 25

አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

ክፍሉን ሁሉ በማንቆርቆሪያው ዙሪያ ሰበሰብኩ። ውኃ በመቶ ዲግሪ ሲፈላ ዛሬ በዓይናችሁ ታያላችሁ ብዬ ፎክሬ ነበር። ውኃው ተንተከተከ፣ ክዳኑ ተንቀጠቀጠ፤ ቴርሞሜትሩ ዘጠና ሁለት ላይ ቆመ። ከሰል ጨመርን። ዘጠና ሁለት። እፍ አልንበት። ዘጠና ሁለት። ልጆቹ እኔን ያያሉ። ቴርሞሜትሩ ብልሽት አለበት፣ ደብተራችሁ ላይ መቶ ብላችሁ ጻፉ አልኳቸው።

ሁሉም ጻፉ። ዙቤዳ ግን ዘጠና ሁለት ብላ ጻፈች። ለምን አልኳት፤ ያየሁት ዘጠና ሁለት ነው አለችኝ። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። እኔ በቀይ እስክሪብቶ አጠፋሁባት። አሁን ተቀምጬ ሳስበው እጄን መቁረጥ አማረኝ። "ያየሽውን ጻፊ" እያልኩ የማስተምራት እኔው ነኝ፣ ስትጽፍ የምቀጣትም እኔው።

ቢሆንም ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 28

ምስር ወጡ ጥርሴን ሊሰብረው ነበር። እትዬ ፋናዬን አኮረፍኩ። እሳቸው አላወቁልኝም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 10

የቴርሞሜትሩን ብልሽት ለዙቤዳ ላሳያት ብዬ ራሴ ተሸነፍኩ።

የሚቀልጥ በረዶ ዜሮ መሆን አለበት። ዜሮ ካላለ ብልሽቱ ታወቀ ማለት ነው። ሰሞኑን ውርጭ ስላለ ዲሪባ ከቤታቸው ውጭ ውኃ በሳህን ሲያሳድር የረጋውን በረዶ በገብስ ጭድ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ክፍሉ ሁሉ እየነካው ተንጫጫ። ሰባብሬ ቴርሞሜትሩን ከተትኩት። ወረደ፣ ወረደ፣ ዜሮ ላይ ቁጭ አለ። የፀጉር ያህል እንኳ አልተዛነፈም።

ዙቤዳ አየችኝ።  ደብተሯን ተቀብዬ ቀዩን ምልክት ሰረዝኩት። ይቅርታ ማለት ግን አቃተኝ። ምላሴ በሌላ ጊዜ እንዲህ ከባድ አይደለም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 12

ዜሮው ልክ ነው። መቶው የት ገባ? አዲስ አበባ ኮሌጅ ስማር በማንቆርቆሪያ ውስጥ ቴርሞሜትር የከተተ ሰው ትዝ አይለኝም፤ ምግቡም ተሠርቶ ይመጣልን ነበር። ድንቹ ዛሬም ጥሬ። አቶ ግዛቸው ጉንፋን ይዞሽ እንደሆን ብሎ ጠየቀኝ። አልያዘኝም አልኩት። ይዞኛል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 18

ገባኝ! ገባኝ! 

ጨዋታውን ሰሞኑን አሻሽዬው ነበር። ግማሹ ልጅ ውኃ ይሆናል፣ ግማሹ ደግሞ አየር ሆኖ ዙሪያውን ይቆማል። አየርም ክብደት አለው፣ ውኃውን ይጫነዋል። ውኃ የሆኑት ለማምለጥ እርስ በርስ መላቀቅ ብቻ አይበቃቸውም፤ የአየሩንም አጥር ገፍተው መውጣት አለባቸው። ዛሬ ግን ግዛቸው ኳስ ሊያጫውት ብሎ ከአየሮቼ አብዛኞቹን ወሰደብኝ። ተቆጥቼ በቀሩት ጀመርኩ። ገና ጨዋታው ሳይሟሟቅ ውኃዎቹ እየተስፈነጠሩ ወጡ። ዲሪባ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ይስቃል።

"ሚስ፣ ዛሬ አጥሩ ሳስቷል። ሳንሮጥ ወጣን" አለኝ።

በቆምኩበት ደረቅሁ። አጥሩ ሳስቷል። ከዚያ ቀሚሴን ሰብስቤ ወደ ኳሱ ሜዳ ሮጥኩ። አሰላ ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍ ትላለች ብዬ ግዛቸውን እጁን ይዤ ጠየቅሁት። (እጁን የያዝኩት ቸኩዬ ነው።) ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ገደማ አለኝ። ድሬዳዋስ? የዚያን ግማሽ ያህል። አዲስ አበባስ? ከአሰላ እኩል።

ይኸው ነው! ከላያችን ያለው አየር ስስ ነው። ውኃው እርስ በርሱ የተያያዘበት እጅ ያው እጅ ነው፤ የሚጫነው ግን ስለቀነሰ በትንሽ ሩጫ፣ በዘጠና ሁለት ያመልጣል። አንዴ ከፈላ ደግሞ ከሰል ቢቆለልበት ትርፉ ሙቀት ለሚወጡት ማላቀቂያ ይውላል እንጂ የቀረው ውኃ ከዚያ በላይ አይሞቅም። እንቁላሌ! ባቄላው! ምስሩ! ሁሉም ገና ባልጋለ ውኃ ሲቀቀል ነው የኖረው። ይህን ሁሉ አንብቤዋለሁ፣ ተፈትኜ አልፌበታለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ከማድቤቴ ጋር አላገናኘሁትም። ምን ዓይነት ደደብ ነኝ? ግን ደስተኛ ደደብ ነኝ።

ዙቤዳን ፈልጌ፣ አንቺ ልክ ነበርሽ፣ እኔ ተሳስቼ ነበር አልኳት። ወጣልኝ። መሬት መሬት አየችና ፈገግ አለች። ማታ ለእትዬ ፋናዬም ስለ እንጨቱ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ቅር ብሏቸው እንደነበር ያወቅሁት አቅፈው ሲስሙኝ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 21

ከታች ቆላ ካለው ገበያ፣ ከኦጎልቾ አሁን ገባሁ። አፈር ለብሻለሁ።

ነገሩን ያመጣችው ዙቤዳ ናት። እዚህ ከፍ ስለምንል ከሆነ ዝቅ ስንል ቁጥሩ መጨመር አለበት አለች። አባቷ እህል ሊገዙ ወደ ኦጎልቾ ይወርዱ ስለነበር ራሷ ለምና አስፈቀደች። እኔና እሷ በአባቷ አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ጋቢና፣ ግዛቸው ካርታውን ይዞ ከጆንያው ላይ። መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ግዛቸው ጃንጥላውን ለእኔ ሰጥቶ ራሱ ፀሐይ ላይ ጎማ ሲፈታ ዋለ። አሁን አፍንጫው ተልጧል። ነገ ቅባት እልክለታለሁ፤ ስለ ጎማው ነው።

ያንኑ ማንቆርቆሪያ፣ ያንኑ ቴርሞሜትር፣ በሦስት ድንጋይ ላይ ገበያው ዳር ጣድን። ሰዉ ሻይ ልንሸጥ መስሎት ከበበን። ዙቤዳ ተንበርክካ ቁጥሩን ትጠራለች። ዘጠና። ዘጠና አንድ። ዘጠና ሁለት ስትል እኔም ተንበረከክኩ። ዘጠና ሦስት! አለፈ! ዘጠና አራት ተኩል ላይ ቆመ፣ ቢቆሰቆስም አልነቃነቅ አለ።

አቶ ሀሰኖ እህላቸውን ትተው መጡ። ሚዛናቸውን እንደሚያዩ ጎንበስ ብለው ቁጥሩን ራሳቸው አዩ። ልጃቸው ውኃው ምን እንደያዘው፣ ምን እንደሚጫነው በኦሮምኛ አስረዳቻቸው። እንደጎነበሱ ሰሙ። ቀና ሲሉ ለተሰበሰበው ሰው "ልጄ ናት" አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ስንመለስ ግን መንገዱን ሙሉ ስለ ጨው ይጠይቋት ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 3

ለአቶ ወልደጻድቅ ሁሉንም ነገርኳቸው። አዳመጡኝ። ከዚያ፣ መጽሐፉ መቶ ይላል፣ ኢንስፔክተሩም መቶ ይላል፣ በሚኒስቴር ፊት ከመጽሐፍ ጋር አልጣላም አሉ። ልጆቹ መቶ ይበሉ። ክፍሉ ከተዘጋ በኋላ ዘጠና ሁለት ምን ያደርግልሻል? አሉኝ። ውሸት አላሉም፤ ያበሳጨኝም እሱ ነው።

ለዙቤዳ ምን ልበላት? እውነቱን ብትናገር ክፍሉ ሊዘጋ፣ ለባል ልትሰጥ ነው። መቶ ብትል ያንን ቀይ እስክሪብቶ ዳግም አነሳሁባት ማለት ነው። "የመሰለሽን መልሺ" አልኳት። ምን ዓይነት አስተማሪ ነው ሸክሙን ለልጅ የሚያሸክም?

ሰኞ፣ ጥር 14

ነገ ነው። ዲሪባ በረዶ አሳድራለሁ ብሏል። ሰማዩ ጠርቷል፣ ውርጭ ይሆናል። እንደ ዛሬ ብርድ ለምኜ አላውቅም። ግዛቸው፣ ኢንስፔክተሩ ባይወድሽስ አለኝ። የት ትሄጃለሽ ማለቱ ነው። ድሬዳዋ፣ ወደ ሙቀቴ አልኩት። ካርታውን ጠቅልሎ ሄደ።

ማክሰኞ፣ ጥር 15

ከየት ልጀምር?

ኢንስፔክተሩ አቶ ሀብተ ማርያም ወፍራም ካፖርት የለበሱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አቶ ወልደጻድቅ የከተማውን ነጋዴዎች ጋብዘው ከኋላ ደርድረዋቸዋል፤ አቶ ሀሰኖም አሉ። እኔ ለእንግዳ ሻይ ነው ብዬ ማንቆርቆሪያውን ከሰል ላይ ጥጃለሁ። ዲሪባ ጠጣርን፣ ፈሳሽን፣ እንፋሎትን አንበለበለላቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ዙቤዳ ዞረ። ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

አቶ ወልደጻድቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዙቤዳ ተነሳች።

"የት ቦታ፣ ጌታዬ?"

"እንዴት የት ቦታ? ውኃ ውኃ ነው።"

በኅዳር የጻፍኩት የራሴ ቃል ነበር ከአፋቸው የወጣው። 

"በባሕር ጠረፍ በመቶ። እዚህ አሰላ በዘጠና ሁለት" አለች።

መነጽራቸውን አወለቁ። ተሳስተሻል፣ ተቀመጪ አሏት። አልተቀመጠችም። ይፍቀዱልኝና ላሳይዎት አለች፣ እጇ የቀሚሷን ጫፍ ጨምድዶ ይዟል። የምታሳያቸው ቴርሞሜትር ብልሽት ያለበት ይሆናል አሉ። ይህም የራሴ ቃል ነው! ዲሪባ ሳይጠየቅ ጭዱን ፈቶ በረዶውን አቀረበ። ዜሮ። ኢንስፔክተሩ ከወንበራቸው ተነሱ። ከዚያ ማንቆርቆሪያው። ዘጠና ሁለት። ከሰል ይጨመር አሉ፤ ተጨመረ። ዘጠና ሁለት። ራሳቸው ይዘው ጎነበሱ፣ መነጽራቸው በእንፋሎት ተሸፈነ፣ ጠርገው እንደገና አዩ።

ዙቤዳ በእጇ እያሳየች አስረዳቻቸው። መዳፏን ከመዳፏ አያይዛ፣ ውኃው እርስ በርሱ እንዲህ ይሳሳባል፤ ሙቀት ያላቅቀዋል፤ አየሩ ግን ከላይ ይጫነዋል፤ እዚህ ስስ ስለሆነ ቶሎ ያመልጣል አለች። ኦጎልቾ ወርደን ስንለካ ዘጠና አራት ተኩል ሆነ፣ አባቴ ምስክር ናቸው አለች። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። አቶ ሀሰኖ ተነሱ።

"አይቻለሁ" አሉ። "በዚህ በዓይኔ።"

  ከዚያ ኢንስፔክተሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አዲስ አበባስ ብለው ጠየቁ። ዙቤዳ፣ በካርታው ላይ ከእኛ እኩል ናት ጌታዬ አለች።

ቴርሞሜትሩን እንደያዙ ቆሙ። "ይህን ያህል ዘመን እዚያው አዲስ አበባ መቶ እያልኩ አስተማርኩ" አሉ። "አንድ ቀን እንኳ አለካሁም።" ከዚያ ሳቁ፤ እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ይስቃል ብዬ አላሰብኩም። ነጋዴዎቹ ሳቁ፣ ልጆቹ ሳቁ፣ እኔ ግን አለቀስኩ። ግዛቸው ከኋላ መሐረቡን አቀበለኝ።

ሲወጡ ለአቶ ወልደጻድቅ፣ ይህ ክፍል አይዘጋም፣ ለከርሞ አሥረኛም እንዲከፈት እኔው እጠይቃለሁ አሏቸው። አቶ ወልደጻድቅም ድሮም እኔ በሥራ የሚታይ ትምህርት ነው የምወደው ብለው መለሱ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ! ይበሉ። ዛሬ ማንንም አልጣላም።

ሐሙስ፣ ጥር 17

እንቁላሉን ከፀጉሬና ከጫማዬ አልፌ የተማሪዎቼን ደብተር እስካርም ተውኩት። ጠንክሯል! ግማሹን ለእትዬ ፋናዬ ሰጠሁ። እሑድ ግዛቸው ምሳ ይመጣል። እንቁላል ነው የማበላው፤ ሌላ ነገር የለውም። እትዬ ፋናዬ ግን ዶሮ ልግዛ ይላሉ፣ ምን እንዳሰቡ እንጃላቸው።

ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስገባ አቶ ሀሰኖ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ዙቤዳ ከጎናቸው ናት፣ ደብተሯን ይዛለች። በእጃቸው ታናሽ እህቷን ይዘዋል፤ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም፣ አዲስ ጫማ አድርጋለች። የልጅቷን እጅ ከእጃቸው አላቀው ለእኔ ሰጡኝ።

"ይቺም ውኃ ማፍላት ትማር" አሉኝ።